ሊመጣ የነበረው ሐዲድ

ሰሞኑን ምክንያቱን በውል የማላውቀው ድብርት ሰፍሮብኛል። የታመመብኝ ሰው የለም፣ ሥራውም እንደ ወትሮው ነው፣ ከእማዬም ጋር በየእሑዱ እንነጋገራለን፤ ብቻ ኅዳር በገባ ቁጥር የምኖርባት የጣሊያኗ ከተማ የትሪዬስቴ ሰማይ ጣሪያው ላይ ይቀመጥና እስከ ጥር አልነሣም ይላል። እንዲህ ሲሆን ሰው ማነጋገር እንደማይሆንልኝ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዛሬ በማለዳ ብስክሌቴን መኪና ላይ ጭኜ፣ ስሎቬኒያን አቋርጬ፣ በክሮኤሺያ በኩል ወዳለው የኢስትሪያ ምድር ወረድሁ።

የምወደው መውረጃ ከግሮዥኛን በታች ያለው ነው። ከተማዋ ኮረብታ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ቤቷም አጥሯም መንገዷም ከዚያው ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ የተሠራ በመሆኑ ከሩቅ ሲያዩዋት የቱ ጋ ቋጥኙ አብቅቶ የቱ ጋ ግንቡ እንደሚጀምር ወዲያው አይለይም። ከጀርባዋ ወደ ሚርና ወንዝ ሸለቆ የሚወርዱት ቀጫጭን መንገዶች ለእግረኛና ለአህያ እንጂ ለጎማ የታሰቡ አይደሉም። የኖራ ድንጋይ በዝናብ ይሟሟል፤ ውኃው ከአየርና ከአፈር ይዞት የሚመጣው ደካማ አሲድ ድንጋዩን በረጅም ዘመን ቦይ ቦይ እያደረገ ይበላዋል፣ በቦዮቹ መካከል የሚቀረውም ጠርዝ የጎማን ጎን የሚተለትል ስለት ይሆናል። ሰው ሲመላለስበት የኖረው ክፍል ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በጫማና በኮቴ ብዛት ተልጎ፣ ጠል የነካው ዕለት እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ድንጋዩ ሟሙቶ ሲያልቅ የሚተርፈው ቀይ አፈር በጎማው ጥርሶች መካከል ይጠቀጠቅና ጥርስ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ በእርጥብ ቀን የፊት ፍሬን የነካ ሰው ከድንጋዩ ጋር ይላተማል። የሚበጀው ከኮርቻ ተነሥቶ፣ ጉልበትንና ክርንን አላልቶ፣ ዓይንን ከፊት ጎማ ላይ አንሥቶ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ እየተመለከቱ፣ ብስክሌቱ ራሱ መንገዱን እንዲፈልግ መተው ነው። የጎማውን ነፋስ አስቀድሜ ቀነስ አድርጌዋለሁ፤ ካላማዳሪም ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ጎማው ውስጥ የሚጨመረው ነጭ ፈሳሽ ትንንሹን ቀዳዳ ራሱ ይደፍነዋል፣ ጎኑ ለተተለተለ ጎማ ግን እሱም አይደርስለትም። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እዚያ መውረጃ ላይ ሌላ ነገር ማሰብ እንደማይቻል ለመግለጽ ነው፤ የምሄደውም ለዚሁ ስል ነው።

ችግሩ መውረጃው መሐል ላይ ፓሬንዛናን የሚያቋርጥ መሆኑ ነው። ፓሬንዛና ከትሪዬስቴ እስከ ፖሬች 123 ኪሎሜትር ይጓዝ የነበረ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 760 ሚሊሜትር ብቻ ስፋት የነበረው ትንሽ ባቡር ነው። ኢስትሪያ በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ሥር በነበረችበት ጊዜ በ1902 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ ወይንና የወይራ ዘይት፣ ጨውና ድንጋይ ሲያመላልስ ኖሮ፣ በጣሊያን ዘመን በ1935 ተዘጋ። ዛሬ ሐዲዱ የለም፤ ድልድዮቹና ዋሻዎቹ ግን በመቆማቸው ጥርጊያው ለብስክሌት ተለቅቋል። ቁልቁለቱ ለባቡር ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ሕፃንም ሽማግሌም ይወጣዋል፤ እኔም በዚሁ ምክንያት፣ እውነቱን ለመናገር በትዕቢት፣ ቀና ብዬ ሳላየው እያቋረጥሁት ነበር የማልፈው። ዛሬ ግን አንዱ ዋሻው አፍ ላይ እግሬን አወረድሁና ቆምሁ። ከዚያ በኋላ የመውረጃው ነገር ከአእምሮዬ ወጣ፤ የቀረውን ግማሽ መንገድ እንዴት እንደወረድሁት አሁን ብጠየቅ መናገር አልችልም።

የዚያ አገር ሰው ስለዚህ ሐዲድ የሚያወራው ታሪክ አለ። መስመሩ እንደተዘጋ ሐዲዱ ተነቅሎ መርከብ ላይ ተጫነ፤ መርከቡም ወደ አቢሲኒያ ሲጓዝ ሜዲትራኒያን ላይ ሰጠመ ይላሉ። ቦታውን እያንዳንዱ ተራኪ እንደየስሜቱ ያዘዋውረዋል፤ መድረሻው ግን በሁሉም አንደበት አንድ ነው። ዘመኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ አስተያየሁት፤ የመጨረሻው ባቡር የሄደው ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ያለው ከአንድ ወር ብዙም አይበልጥም።

ያደግሁት ድሬዳዋ ውስጥ፣ የምድር ባቡር ጡሩምባ በሚሰማበት ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። አባባ ዕድሜውን የጨረሰው በዚያ ግቢ መካኒክ ሆኖ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ሰዓት የሚሞላው በባቡሩ እንጂ በሬዲዮ አልነበረም። እና ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ፣ ፓሬንዛና ፖሬች በደረሰበት በዚያው በ1902 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ፣ ከጅቡቲ የተነሣውም ሐዲድ ድሬዳዋ መድረሱ ነው። ሁለት ሐዲዶች በአንድ ወር ተወለዱ፤ አንዱ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ተነቅሎ ወደ ሌላው አገር ተላከ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤን መያዝ አቃተኝ። 123 ኪሎሜትር መስመር፣ ሐዲዱ ጥንድ ነውና 246 ኪሎሜትር ብረት ነው። ከምጽዋ አስመራ ያለው የባቡር መስመር 118 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ መርከቡ ሙሉውን ጭኖ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ያንን መስመር ደግሞ ለመዘርጋት ይበቃ ነበር ማለት ነው። ምኞት ብቻም አልነበረም፤ ወደቡ በጦር ዕቃ ታፍኖ፣ ወደ ደጋው የሚወጣው ባቡር አልችል ብሎ፣ ጣሊያኖቹ ከምጽዋ እስከ አስመራ በሰማይ የሚሄድ የኬብል መስመር ለመዘርጋት የተገደዱበት ዘመን ነበር። የኤርትራው ባቡር ስፋት 950 ሚሊሜትር፣ የእኛው የድሬው ደግሞ አንድ ሜትር ቢሆንም ይህ እንቅፋት አይሆንም፤ ሐዲድ ከተነቀለ በኋላ ስፋት የለውም፤ ሁለት ብረት ነው፤ ባራራቁት ልክ ይራራቃል። አባባ ይህን ጎንበስ ብሎ ያስረዳኝ በስድስት ወይም በሰባት ዓመቴ ነው።

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ መርከቡ በመስጠሙ፣ ብረቱ ባለመድረሱ ደስ አለኝ። ብረቱ የሚሸከመው ምን እንደነበረ የታወቀ ነው፤ ጥይትና የጋዝ ቦምብ ነው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ መርከብ ብቻውን አይሰጥምና መርከበኞቹን አሰብሁ፤ ምናልባት የዚሁ ሸለቆ ልጆች ነበሩ፤ ምናልባትም ሐዲዱ ሲነቀል ያለቀሱ፣ በእሱ ወደ ትሪዬስቴ ወይን እየላኩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰዎች። ደግሞ ከእነሱ አለፍሁና ወደ ራሳችን መጣሁ። ጣሊያኖቹ በወረራው ዘመን ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተክለዋል፤ ምክንያቱም እዚያም ያለው ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው። በልጅነታችን በፋብሪካው በኩል ያለፈ ሰው ፀጉሩ ሸብቶ ይመለስ ነበር። ያንን ፋብሪካ የሚረግም ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልሰማሁም፤ የሚሠራበት ይኮራበት ነበር፣ የማይሠራበት ለመቀጠር ይለማመጥ ነበር። ታዲያ ሐዲዱም ደርሶ ቢሆን ኖሮ፣ በግዳጅ ጉልበት ተዘርግቶ፣ በላዩ የመጣው ጦር ከተባረረ በኋላ፣ አባባ ከሥሩ ገብቶ ብሎን እያጠበቀ የእኔ ይለው አልነበረምን? የአባባ የራሱ ሐዲድ እኮ ማንም መርከብ ላይ ሳይጭነው፣ ማንም ሳያሰጥመው፣ አብዛኛው ባለበት ዝጓል፤ አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ ከከተማው ውጭ ያልፋል።

ሌላም የሚያበሳጭ ነገር አለ። ሐዲዱ ባይነቀል ኖሮ ይህ ጥርጊያ ለብስክሌት ባልተለቀቀ ነበር። እኔን ለመውረር በሚል ተነቅሎ፣ እኔን ለማስደሰት ባዶውን ቀረ።

በዚህ ሁኔታ ሸለቆው ውስጥ ካለችው መንደር ከሊቫዴ ደረስሁ። ኅዳር የትራፍል ወራት ነው፤ ትራፍል ከዛፍ ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ሽታው ቤት የሚሞላ፣ በሚዛን የሚሸጥ የመሬት ፍሬ ነው ብል አይሻልምን? ለማንኛውም ቡና ቤቱ ውሾቻቸውን ከጠረጴዛ ሥር ባስተኙ ቆፋሪዎች ተሞልቷል። በእኔና በብስክሌቴ ላይ የነበረው ቀይ ጭቃ ሳያስቃቸው አልቀረም። አንድ ሽማግሌ ወንበር ሳቡልኝና በዚያ አገር ጣሊያንኛ ከየት እንደሆንሁ ጠየቁኝ።

«ከትሪዬስቴ ነኝ» አልኋቸው።

«ከዚያ በፊትስ፣ ልጄ?»

«ከኢትዮጵያ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጭቃ ተመለከቱ፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ጥርጊያው ተመለከቱ፣ ከዚያም ለአስተናጋጇ እኔ በማይገባኝ ቋንቋ አንድ ነገር ነገሯት፤ ልከፍል ስነሣ ሒሳቡ ተከፍሏል ተባልሁ። ስለ ሐዲዱ ነው እንዳልል ሐዲድ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ስለ ሌላ ነው እንዳልል ዓይናቸው ጥርጊያው ላይ ነበር።

ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል የወሰነው የ1947 እ.ኤ.አ. የፓሪስ የሰላም ውል፣ አብዛኛውን ኢስትሪያም ለዩጎዝላቪያ የሰጠ ያው ወረቀት ነው። ሽማግሌው እንግዲህ የጣሊያን ዕዳ አለባቸው ሊባሉ አይችሉም፤ በዚያው ወረቀት ከዕዳው ወጥተዋል። ከካሳው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠርቶበታል፤ ከቆቃ ወዲህ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያዊ እጅ በቀጥታ የገባ ክፍያ ቢኖር ይህ አንድ ስኒ ቡና ሳይሆን አይቀርም። የእናት አገር ወኪል ሆኖ ለቀረበ ሰው ሁለት አማራጭ ነበረው፤ ወይ በክብር መቀበል፣ ወይ በክብር አሻፈረኝ ማለት። እኔ ወተት ጠብ ይደረግበት ብዬ መለስሁት።