ሐረጎን ሲወጣ የደከመ መኪና ሁሉ ሞተሩ አልሞተም

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ መኪና የሐረጎን ዳገት ይዞ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ አየር ያነሰው ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ሲደርስ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። ነገር ግን «መኪናዬ ዳገት አልወጣ አለኝ» ብሎ ጋራዥ የገባ ሰው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ሞተሩ ይውረድ፤ አብሽር፣ አዲስ አድርገን እንሰጥሃለን» ሊባል ይችላል።

እዚህ አካባቢ ያለአግባብ የሚከፈል የጥገና ገንዘብ ብዙው የሚወጣው በዚህ በር ነው ብዬ አምናለሁ። ከፍታውና ቁልቁለቱ የሚያመጡት ምልክት እንደ ብልሽት ይቆጠርና ጤነኛ ዕቃ ይፈታል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ይሁን፦ ሳይለካ አይፈታ።

ጉልበት ያጣ መኪና መጀመሪያ የሚታዩለት ርካሾቹ ነገሮች ናቸው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል፤ የጎማው ንፋስ ጎድሎ ይሆናል፤ የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አልለቅ ብሎ ይሆናል፤ ካንዴላው አርጅቶ ይሆናል። እነዚህ ታይተው ጥፋቱ ካልተገኘ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፣ ይለካ። መለኪያው ትንሽ ዕቃ ነው፣ ሞተር አወርዳለሁ የሚል ጋራዥ ይህ ከሌለው ሞተር ማውረድ አይገባውም።

አለካኩ ሥርዓት አለው፤ አጠገቡ ቆማችሁ ተከታተሉ። ሞተሩ ሞቆ ይጥፋ። የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ይነቀል፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጡት የኮይሎቹም ሶኬት ይላቀቅ። ካንዴላዎቹ ሁሉም ይውጡ፤ አንዱን ብቻ አውጥቶ ከተለካ የቀሩት ሲሊንደሮች ሞተሪኖውን ስለሚይዙት ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ንባቡም ይወርዳል። አንድ ሰው ገብቶ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጥ። ይህን መዝለል ትልቁ ማሳሳቻ ነው፤ ካልተረገጠ አየር በበቂ ስለማይገባ ጤነኛው ሞተር ያለቀ መስሎ ይታያል። ባትሪውም ሙሉ ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱ ሲሊንደር 5 ሰከንድ ያህል ይዙርና ቁጥሩ ይጻፍ።

ቁጥሩ ሲነበብ ደግሞ የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ መሆኑን አትርሱ። የደሴ የአየር ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ መጽሐፉ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ሞተር እዚህ 150 አካባቢ ቢያነብ በደህናው ነው። መጽሐፉን ገልጦ «ይኸው 50 ጎድሏል» የሚል መካኒክ ወይ አያውቅም፣ ወይ አያሳውቅም። የሚፈለገው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። 150፣ 148፣ 152፣ 145 ከተነበበ ሞተሩን ተዉት። 150፣ 150፣ 95፣ 148 ከሆነ ሦስተኛው ታሟል። ያን ጊዜም ማውረድ ገና ነው፤ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ንባቡ በደንብ ከፍ ካለ የፒስተን ፋሻው አልቋል። ካልተነቃነቀ ግን ችግሩ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (በቴስታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ስለሆነ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታው፣ ብቻ ይነሳል እንጂ ሞተሩ አይወርድም። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። አራቱም እኩል ወርደው 100 አካባቢ ከተገኙ፣ በዚያ ላይ ዘይት የሚበላና ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ፣ መካኒኩ እውነቱን ነው።

ናፍጣ የሚነዳ ሰው ደግሞ ጥቁር ጭስ ያስደነግጠዋል። ቱርቦ የሌላቸው እንደ 3ኤልና 5ኤል ያሉ የቶዮታ ሞተሮች ዳገት ላይ ጨለም ያለ ጭስ ቢያወጡ፣ ያው ናፍጣ ባነሰ አየር ስለሚቃጠል ነው። ሜዳ ላይም ሆነ ቆሞ የሚያጨስ ከሆነ ፊልትሮና ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል ይታይ። የናፍጣ ፓምፕ ማስፈታት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው በር «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» የሚለው ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎ ላይ የፈላ መኪና ሁሉ ይህ ይባልለታል። እስቲ አንዲት የራዲያተር ክዳን የምትሠራውን ተመልከቱ። ደሴ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተር በደህናው ጊዜ የሚሠራበት ሙቀትም ከዚያ አይርቅም። ውሃውን ከመፍላት የሚያግደው ግፊት ነው፣ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ክዳኑ። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተጽፎ ታያላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት በባር ሲለካ ነው። ጤነኛ ክዳን ውሃው ከ110 ዲግሪ እስኪያልፍ ይዞ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ቆላ ላይ ጉዳቱ ሳይታይ ከርሞ ደጋ ሲወጣ ያፈላል። ስለዚህ ቴስታ ከመነሳቱ በፊት ክዳኑ ይቀየር፤ ከጓርኒሲዮን ሥራ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም። ሞተሩ ሙቅ ሳለ ግን ክዳኑን በፍጹም እንዳትነኩ፤ የተያዘው ግፊት ሲለቀቅ ውሃው ፊት ላይ ነው የሚተኮሰው።

ቀጥሎ ቺንጋው (የጎማ ቀበቶው) ላልቶ እንደሆነ፣ ማራገቢያው በሰዓቱ ይነሳ እንደሆነ፣ የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃና በነፍሳት ተደፍነው እንደሆነ ይታይ። ቴርሞስታቱን አውጥቶ ድስት ውሃ ውስጥ ማሞቅ ይቻላል፤ 82 የተጻፈበት ደሴም ቢሆን ውሃው ሳይፈላ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ በአዲስ ይቀየር። «እናውጣውና ያለ እሱ ይሂድ» የሚለውን አትቀበሉ። ሞተሩ በደሴ ብርድ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይበላል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ይብስበታል።

ጓርኒሲዮን በእርግጥ ሲቃጠል ምልክቱ አይደበቅም። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ የትም ሳይንጠባጠብ ውሃ ይጎድላል፤ ነጭ ጭሱ ሞተሩ ሞቆም አይቆምም። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ አበቃ። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ነጭ ቅባት ግን በብርድ ወቅት አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ሁሉ የሚያጠራቅመው እርጥበት ነው። የደሴ ማለዳ የሚያወጣው ነጭ እንፋሎትም እንደዚያው። ቴስታው ከተነሳም «ተጣሟል፣ ቶርኖ ቤት ይላጭ» ሲባል ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት በስፔሶሜትር (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ሲለካ እዩ፤ ለብዙ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ወሰኑ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ መላጨት ቴስታውን በከንቱ ማሳነስ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ገበያ ነው። ከደሴ በአራተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጡ የወረዱ ሰዎች ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሽታ ይሸታቸዋል፣ ፔዳሉም ይለሰልሳል። «ሸራ፣ ዲስክ፣ ማስተር ሁሉም ይቀየር» ይባላሉ (ማስተር የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ነው)። መኪናው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ጎማው ይውጣና ሸራው ይለካ። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየር አለበት፣ 6 ቢቀረው ገና ነው። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ብዙ ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ በካሊፐር መለኪያ ይታይ። የአንድ ጎማ ሁለት ሸራዎች እኩል ካላለቁ ጥፋቱ የሸራው አይደለም፣ ሸራውን የሚይዘው የፍሬኑ ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ነው፤ ካልጸዱና ካልተቀቡ አዲሱም ሸራ እንዲሁ ይበላል።

ፔዳል ሲለሰልስ የፍሬን ዘይቱ ዕድሜ ይጠየቅ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወሰኑ ወደ 140 ይወርዳል፤ ረጅም ቁልቁለት ደግሞ ያን ሙቀት በቀላሉ ያመጣል። በሁለት ዓመት አንዴ መቀየርና አየሩን ማስወጣት ይበቃዋል። ማስተሩን ለመፈተን መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዙ። የሚንጠባጠብ ሳይኖር ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ ማስተሩ ውስጡ ያሳልፋል፣ ይቀየር። ፔዳሉ ባለበት ከቆመ ማስተሩን አታስነኩ።

የተቀረውን ባጭሩ። የሞተር ቺንጋ (የታይሚንግ ቺንጋ) ይቀየር ሲሏችሁ ሞተሩ ቺንጋ ይኑረው አይኑረው እወቁ፤ 1ኤስዜድ፣ 2ኤስዜድ፣ 1ኤንዜድ፣ 2ኤንዜድና 1ኬአር የተገጠመላቸው ቪትሶች የሚሠሩት በሰንሰለት ነው፣ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ የላቸውም። ዳሽቦርድ ላይ የሞተር መብራት ሲበራ በኮምፒውተር የሚወጣው ኮድ ጥርጣሬ የሚያሳይ እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ የሚናገር አይደለም፤ ፒ 0171 ድብልቁ አየር በዝቶበታል ማለት ነው፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላልና ቱቦው ሳይታይ ሴንሰር አትግዙ። «ዲናሞው ሞቷል» ከተባለ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ቮልት ይለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ካነበበ ዲናሞው ይሠራል። የእግር ዕቃ ላይ ደግሞ ፌሮ (የብረት ዘንግ) አስገብቶ ጎማ ቡሽን እየገፋ «ይኸው ይጫወታል» የሚል አለ። ጎማ ቡሽ በፌሮ ሲገፋ መንቀሳቀሱ ተፈጥሮው ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው በእጅ ይያዝ፤ ከላይና ከታች ሲነቃነቅ ከተጫወተ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት፣ ከግራና ከቀኝ ከተጫወተ ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ይጠርጠር።

ዕቃ ራሳችሁ ግዙ። መካኒኩ ካመጣው ከመለዋወጫ ቤቱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፣ ድርሻው ደግሞ ዕቃው ሲወደድ ይጨምራል። አሮጌውን ዕቃና ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ቢያንስ ሁለት ሱቅ ጠይቁ። የእጅ ዋጋው ለብቻ፣ የዕቃው ለብቻ በወረቀት ይጻፍ፤ ከተጻፈው ውጪ ምንም ከመፈታቱ በፊት ይደወልልኝ የሚል መስመርም ይኑረው። መኪና ስታስረክቡ የኪሎ ሜትሩን፣ የነዳጁን፣ የባትሪውን ቁጥር፣ የትርፍ ጎማውንና ከሥር የካታላይዘሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ፎቶ አንሡ፤ ካታላይዘር ውድ ማዕድን ስላለው ይሰረቃል። የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በእጃችሁ ይግባ። ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ ከሌለ የከተማው ንግድ መምሪያ ዘንድ ብትሄዱም የምታሳዩት አይኖርም።

ተጨማሪ የሚጠይቅ መካኒክ ሁሉ ግን ሌባ አይደለም፣ ይህንንም ማወቅ ለባለ እጅ ፍትሕ ነው። ፍሪሲዮን ሲቀየር ዲስኩ ብቻ ሳይሆን ዲስኩን የሚጫነው ፕሬሳና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ ቢላችሁ ትክክል ነው፤ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ሁለቴ ማውረድ የእጅ ዋጋ ሁለቴ መክፈል ነው። በቺንጋ የሚሠራ ሞተር ላይ ቺንጋው የውሃ ፓምፑን የሚያዞር ከሆነ፣ ፓምፑን አብሮ መቀየርም እንዲሁ። የዘይት መብራት እየነዳችሁ ሲበራ ደግሞ ሁለተኛ አስተያየት ፍለጋ አንድ ሜትር እንኳ አትንዱ፤ ጥግ ያዙና ሞተሩን አጥፉ፣ በዘንጉ ዘይቱን እዩ፣ ዘይቱ ሙሉ ሆኖም መብራቱ ካልጠፋ መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ።