ፍልሰታ ዉድዋርድ ላይ

ነሐሴ በገባ ቁጥር የጓደኛዬ ባል "ዲትሮይት፣ ዲትሮይት" ይላል። ዘንድሮ ሰለቸንና "በቃ፣ እንሂድ!" አልነው። ቅዳሜ ሌሊት አሥር ተኩል ላይ ከኮሎምበስ ተነሳን። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከጎኔ፣ ጓደኛዬና እዚሁ አሜሪካ የተወለደው ትንሽ ወንድሟ ከኋላ። በሁለቱ መሀል ደግሞ ምሳችን የተጫነበት አይስቦክስ።

ባልየው የሚያወራለት የዉድዋርድ ድሪም ክሩዝ፣ ማለትም የድሮ መኪኖች ዉድዋርድ በሚባለው ጎዳና የሚንሸራሸሩበት ቀን፣ የሚውለው ሁልጊዜ በኦገስት ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ቀኑን ቆጥሬ አየሁት፤ በየትኛውም ዓመት ከፍልሰታ አያመልጥም። ስለዚህ ጓደኛዬ ሱፍ ፍትፍቱንም ስልጆውንም ይዛለች፤ እንጀራውን ከእናቷ በወረሰችው ጥልፍ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። "ዲትሮይት ሄዶ ኮኒ ዶግ የሚሉትን ሆትዶግ ሳይበሉ መመለስ!" እያለ መንገዱን ሙሉ ያኮረፈው ወንድሟ ብቻ ነው። እስከ ቶሊዶ ያለው በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ የማወራላችሁ የለኝም።

ዲትሮይት ጥግ ያለችው ፈርንዴል ስንደርስ መኪናችንን ከውስጥ መንገድ አቁመን ወንበሮቻችንን ዉድዋርድ ዳር ዘረጋን። እዚያ አገር መንገዶቹ ኤይት ማይል፣ ናይን ማይል፣ ቴን ማይል ነው የሚባሉት። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ብሎ ላደገ ሰው መጥፋት አይቻልም።

ድሪም ክሩዙ የተጀመረው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፣ ለፈርንዴል ልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ማሠሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ። በመጀመሪያው ዓመት 250,000 ሰው መጣ። ዛሬ መኪኖቹ ከፈርንዴል እስከ ፖንቲያክ 16 ማይል ይንሸራሸራሉ፤ ውድድር የለም፣ ዋንጫ የለም፣ ዝም ብሎ መሄድና መመለስ። ክንፋቸው እንደ ዓሣ ጭራ የሾለ ካዲላኮች፣ ኢምፓላዎች፣ ቮልስ እንኳ አየን። ጎዳናውም ተራ ጎዳና አይደለም። ፎርድ በ1913 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቲ መኪናን በተንቀሳቃሽ መስመር መገጣጠም የጀመረበት የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ እዚሁ ዉድዋርድ ላይ ነው፣ እኛ ከተቀመጥንበት ወደ ከተማው ዝቅ ብሎ።

የጓደኛዬ ባል አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው። አሁን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ካርቡራተር ከነካ ሃያ ዓመት አልፎታል። መኪኖቹን ግን አያይም ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። "የዚች አንዱ ካንዴላ አይሠራም። የዚያኛው ማርሚታ ተቀዷል።" ልጁ ማርሚታ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ኮፋኖንም ጠየቀ። ፍሬቻንም። ጣልያን ሄዶ ቃሉ ቀረልን፤ እዚህ ለተወለደ ልጅ ደግሞ አማርኛም እንግሊዝኛም አልሆነለትም።

ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አንድ የ1965 ሙስታንግ ፊት ለፊታችን ቀጥ አለ። ባለቤቱ ሰባዎቹን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ገፍተን ዳር አስያዝነው። ሽማግሌው ኮፋኖውን ከፍተው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ፤ ማስነሻው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም።

የጓደኛዬ ባል ጠጋ ብሎ የቤንዚን ቱቦውን በጣቱ ነካ፣ እጁን ፈጥኖ አነሳ።

"ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ፈልቷል፣ ጋዝ ሆኖ ዘግቶታል። አዋሽ ላይ ፔጆ 404 እንዲህ ያደርገን ነበር። ጨርቅ!"

ማንም ከመንቀሳቀሱ በፊት አይስቦክሱን ከፈተ፣ የእንጀራውን ጨርቅ መዞ የቀለጠው በረዶ ውስጥ ነከረና ፖምፓውንና ቱቦውን ጠቀለለበት።

"አንተ! የእናቴን!" አለች ጓደኛዬ።

"ቆይ እንጂ፣ ይመለሳል።"

አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሽማግሌው ቁልፉን ሲያዞሩ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለና ተነሳ። ዳር ቆሞ ይመለከት የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ያየሁት ግን የጓደኛዬን ባል ትከሻ ነው። በስምንት ዓመት ትውውቃችን እንዲያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌው ለሁላችንም ሆትዶግ ልግዛ አሉ። ልጁ ብድግ አለ፣ እህቱ ጎትታ አስቀመጠችው። ፍልሰታን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ቀላል አይደለም። "ሥጋ የለም፣ አሥራ አምስት ቀን፣ ለማርያም" ብለን ነገርናቸው። ገባቸው መሰለኝ፤ "እንግዲያው መካኒኩን እዚሁ መንገድ ላይ እስካለችው በርሚንግሃም ልውሰደው" አሉ። ሳይጨርሱት የጓደኛዬ ባል ገብቶ ተቀምጧል።

በዚያ ሰልፍ ሄዶ መመለስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እኛ ፍትፍቱን ጨረስን፣ ትንሽ ድርሻ አስቀመጥንለት፣ እንጀራው ጠርዙ ደረቀ። ሲመለስ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ እጁን እያውለበለበ ነው። ወርዶ፣ ተሰነባብቶ፣ ሙስታንጉ ሰልፉ ውስጥ ከተሰወረ በኋላ ነው ጓደኛዬ የጠየቀችው።

"ጨርቄስ?"

ዞሮ ወደ ፖንቲያክ አቅጣጫ ተመለከተ።