«ራን» ማለት ሮጠ ብቻ ይመስለኝ ነበር

መስከረም 1993 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ ገብቷል፣ አገሩ ሁሉ ሌላ ወሬ የለውም። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በግራ «ራን»፣ በቀኝ «ሮጠ» ብለው ጻፉ። ምሳሌ ስጡ ሲሉን ክፍሉ በሙሉ ኃይሌን ጠራ። ታዲያ ማንን ይጥራ? ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት፣ በቃሌ ያዝኩት፣ ፈተና ላይ አገኘሁት። ይሄ ቃል አለቀ ብዬ ዘጋሁት።

አላለቀም። ከዓመታት በኋላ እዚሁ ባሕር ዳር ጉድ ሠራኝ።

ያኔ ከጀልባ መነሻው ጋ እየዋልኩ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄዱ እንግዶችን አስጎበኝ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ አንድ ፈረንጅ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሳይክል ነበረው። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሳይክል ያልነካ ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ እሱ ግን አነዳዱ እንደ ሰው አልነበረም፣ ከባጃጅ ጋር ይሽቀዳደማል። አንድ ጠዋት አገኘኝና እየሳቀ፣ ትናንት ገበያው ጋ አጎትህን «ራን ኢንቱ» አለኝ።

«ራን» ሮጠ ነው። «ኢንቱ» ወደ ውስጥ ነው። ሮጦ ገባበት ማለት ነው፣ በሳይክል። ሽማግሌ ገጭቶ ይስቃል እንዴ? ደሜ ፈላ። መልስ እንኳ ሳልሰጠው ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ አጎቴ ቤት ደረስኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ነው።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? የት ጋ ነው የመታዎት?»

«ማን ነው እኔን የሚመታኝ?»

«ፈረንጁ ነዋ! ትናንት ገበያው ጋ።»

«ኧረ እሱስ ጨዋ ልጅ ነው። ወርዶ እጄን ጨብጦ፣ ስንት ጊዜ ደህና ነዎት ደህና ነዎት ብሎኝ ሄደ። ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

የአጎቴ ባለቤት ከጓዳ ብቅ ብለው ግንባሬን በእጃቸው ነካ አደረጉ፣ ትኩሳት ያለብኝ መስሏቸው። ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። ልጁን ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፈርኩ፣ ምክንያቱም የተቀየምኩት መሆኑንም አላወቀም።

ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ራን ኢንቱ» ማለት ከሰው ጋር ድንገት መገናኘት ነው። መግጨትም ነው። ሁለቱም! ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትኩም፣ ይህንን ዛሬም እከራከራለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጆሮዬ ተከፈተ፣ ቃሉን በየሄድኩበት እሰማው ጀመር። ጀልባዋ በየስንት ሰዓቱ ነው «ራን» የምታደርገው? በየስንት ሰዓቱ ትሄዳለች ማለታቸው ነው (እኔ ግን መጀመሪያ የተጠየቅኩ ቀን «ይቺማ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው» ብዬ መልሻለሁ)። የጀልባው ሞተር «ራን» ያደርጋል፣ በእኛ ሞተር ይነሳል፣ ከተነሳ በኋላም ይሠራል። የታሸገ ውኃው «ራን አውት» ካደረገ አልቋል። የጠዋቱ የሐይቅ ነፋስ አፍንጫቸውን ሲነካው አፍንጫቸው «ራን» ያደርጋል። ሆቴል የሚያስተዳድረው ሰውም ሆቴሉን «ራን» ያደርጋል፣ ቁጭ ብሎ! አንዲት ሴትዮ ደግሞ ጥበብ ያለው ነጠላ አንስታ ቀለሙ «ራን» ያደርጋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሲታጠብ ይለቃል ወይ ማለቷ ነው። ባለ ሱቋ ምን እንዳለች ስትጠይቀኝ «ቀለሙ ይሮጣል ወይ እያለች ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። ባለ ሱቋ ነጠላውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «ወዴት?» አለች።

የሚገርመው እነሱም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ለምርጫ ሲቀርቡ አሜሪካኖች «ይሮጣሉ»፣ እንግሊዞች ግን «ይቆማሉ»። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ነገር፣ አንዱ ሮጦ አንዱ ቆሞ። የዶሮ ማጎሪያ አጥሩም «ራን» ነው፣ ሰው ባንክ በር ላይ ተሰልፎ ገንዘቡን ለማውጣት ሲራኮትም «ራን» ነው፣ የሴት ስስ ካልሲ ሲተረተርም «ራን» ነው። የክሪኬቱን ነጥብ እንተወው፣ ጨዋታው ራሱ አይገባኝም።

ነገሩ የእኔ ብቻ ችግር መስሎኝ ነበር። ግን መዝገበ ቃላት የሚሠሩት ሰዎችም አበሳቸውን አይተዋል። ትልቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ዕትሙ ሲወጣ፣ ከሁሉ ብዙ ፍቺ ያለው ቃል «ሰት»፣ ማስቀመጥ የሚባለው፣ ነበር (አንባቢ ሆይ፣ ሴት አላልኩም፣ ያኛው ፍቺው ከዚህም ይበልጣል)። ለ«ሰት» የግስ ፍቺው ብቻ 430 ደርሶ ነበር። በኋላ አዲሱን ዕትም ሲያዘጋጁ ፒተር ጊሊቨር የሚባል አዘጋጅ «ራን» ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ ወር ፈጀበት። እናት ልጅ የምትወልድበት ጊዜ ማለት ነው። ሲጨርስ ግሱ ብቻ 645 ፍቺ ይዞ ወጣ። የእኔ ደብተር ላይ የነበረው አንድ ነው። 644 ይጎድለኛል።

ለምን ይሄ ቃል ብቻ እንዲህ ተባዛ እያልኩ ሳስብ መልሱን ያገኘሁት በሥርወ ቃሉ በኩል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ «ሪናን» ነበር፣ የሰው ሩጫንም የውኃ መፍሰስንም ይዞ። የሥጋ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ሪነን» እስከ ዛሬ የሚለው መፍሰስን ነው። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ መጀመሪያ ሰው ሮጠ፣ ከዚያ በምሳሌ ወንዙን ሮጠ አሉት ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ወንዙ ማንንም አልተከተለም፣ ከጥንት ጀምሮ በቃሉ ውስጥ ነበር።

ይህንን ካወቅኩ በኋላ ድልድዩ ላይ ቆሜ አባይ ከጣና ሲወጣ አየሁት፣ ሐይቁ የት ጋ አልቆ ወንዙ የት ጋ እንደሚጀምር እንኳ መለየት አይቻልም፣ ውኃው ደንገሉን እየታከከ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ጢስ ዓባይ እስኪደርስ ድረስ አይጮህም። ሳይቆም፣ ማንም ሳይገፋው ይሄዳል። ሞተሩም፣ አፍንጫውም፣ ቀለሙም፣ የጀልባው ምልልስም እንደዚሁ ናቸው። ሩጫ ብለህ ካሰብከው የማይገጥመው ሁሉ፣ ፍሰት ብለህ ካሰብከው ብዙው ይገጥማል። የዶሮ አጥሩ ግን አሁንም አይገጥምልኝም።

ዓሣውም አለ። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፣ ባለ ሙያዎቹ ላቤዮባርበስ ከሚሉት ወገን 15 የሚሆኑ። ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል አባይ ገብተው ሽቅብ እየዋኙ እንቁላል ይጥላሉ። እንግሊዝኛው ይህንንም «ራን» ይለዋል። በእኛ ዓሣው ወጣ እንላለን። ውኃው ወደ ታች «ራን»፣ ዓሣው በዚያው ውኃ ውስጥ ወደ ላይ «ራን»፣ እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። (ዓሣ አጥማጁ መረቡን ወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው በዚሁ ሰሞን መሆኑ ነው የሚያሳዝነው፣ እንቁላል የያዘችዋን መያዝ ለከርሞ ምን ያስተርፋል? ይሄ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል።)

በአማርኛ ይህንን ሁሉ ሥራ የሚሠራው ማን ነው ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት «ሄደ»ን ነው። ሥራውን የሚያስኬደው እሱ ነው እንላለን። የኮምፒውተር ፕሮግራም እናስኬዳለን። መብራት ሄደ እንላለን። ሸሚዙ ከሱሪው ጋር ይሄዳል። እነሱ የሚያስሮጡትን እኛ እናስኬዳለን ማለት ነው፣ የባሕር ዳርን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው የእኛው ይሻላል።

ይሄን ለዚያ ለፈረንጁ ጓደኛዬ ብነግረው ሳቀና የራሱን ደብተር አመጣ። እሱም አማርኛ ሲማር የተቃጠለበት ገጽ ነበረው፣ አናቱ ላይ «ያዘ» የሚል ብቻ የተጻፈበት። መጀመሪያ የተማረው ዓሣ ገበያ ነው፣ አምባዛ ያዘ፣ ቀረሶ ያዘ። ጥሩ። ከዚያ ፖሊስ ሌባ ያዘ። ከዚያ ባጃጅ ያዝ ተባለ፣ በእጁ? ቀጠሮ ያዘ። ስልኩ ተይዟል። ቂም ያዘ። ማሰሮው አሥር ሊትር ይይዛል። ትምህርቱን በቃሉ ያዘ። ይሉኝታ ያዘው። ልጅቷ ሰው ይዛለች ሲባል ደግሞ ለምን እንደማትለቀው ጠይቋል።

ከሁሉ ያስገረመው ጉንፋን ነው። በእነሱ ቋንቋ ሰውዬው ነው ጉንፋንን የሚይዘው። በእኛ ጉንፋን ነው ሰውን የሚይዘው። «ማን ፈልጎ ይይዘዋል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እውነትህን ነው፣ እኛ ጥፋቱን በራሳችን ላይ ነው ያደረግነው» አለኝ። ዝናብም እንቅልፍም እንደዚያው ነው፣ አበሻን ሁሉም ነገር ይይዘዋል።

አሁን አገሩ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከልኝ፣ የ«ያዘ» ገጽ 31 ደርሷል አለ። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ በችኮላ «ሥራ ይዞኛል፣ ሩጫ ላይ ነኝ፣ ማታ እደውላለሁ» ብዬ መለስኩለት።

ወዲያው ጻፈ። «32። ግን ወዴት ነው የምትሮጠው?»