አስቀድሞ የተከፈለበት ማዕድና የ9 ሰዓት ጾም

የጉዞውን ሳምንት የመረጥነው የአውሮፕላን ትኬት የሚረክስበትን ቀን አይተን ሳይሆን ጾሙን አይተን ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ይፈታል፤ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ይገባል። በሁለቱ መካከል ባሉት ሳምንታት የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ ብቻ ስለሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችውን እማዬንና ልጆቹን ይዘን ከቨርጂኒያ ፍሎሪዳ ወዳለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለመውረድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ከተመለስን በኋላ ነው፤ በጉዞው ዝግጅት ብዙ ያሳሰበኝና በኋላም ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ የምግቡ ሰዓት ስለነበረ፣ ሳይረሳኝ በዝርዝር ላስቀምጠው ፈለግሁ።

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ1971 በኦርላንዶ አቅራቢያ የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ አራት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች አሉት። በራሱ ሆቴሎች ለሚያርፉ እንግዶች የምግባቸውን ዋጋ ከጉዞው በፊት ከፍለው የሚጨርሱበት ዳይኒንግ ፕላን የሚባል አሠራር አለው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2020 ተቋርጦ የነበረው ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ሲመለስ በሁለት ዓይነት ቀረበ። በአንደኛው፣ ሰው ለእያንዳንዱ አዳር ከባንኮኒ ተቀብሎ የሚበላቸው ሁለት ምግቦችና አንድ መክሰስ ይታሰቡለታል። በሁለተኛው፣ ከሁለቱ ምግቦች አንዱ አስተናጋጅ ባለበት ምግብ ቤት ተቀምጠው የሚበሉት ይሆናል። ዋጋው በዚያ ዓመት ለአንድ አዋቂ በአዳር 57.01 ዶላር ለመጀመሪያው፣ 94.28 ዶላር ለሁለተኛው ነበር፤ ከ3 እስከ 9 ዓመት ለሆነ ልጅ ደግሞ 23.83 እና 29.69 ዶላር። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል፤ ከአዋቂዎችም ዝርዝር ያዝዛል። ትልቋ ልጃችን ይህን ዕድሜ በማለፏ ስሌታችን ከፍ ብሏል።

አሠራሩን ከገዙ በአንድ ማረፊያ የተመዘገበው ቤተሰብ፣ ዕድሜው 3 ዓመት ከሆነው ጀምሮ፣ ሁሉም ያንኑ ዓይነት መግዛት አለበት። ስለዚህ እማዬ ረቡዕና ዓርብ ብትጾምም፣ በሌላውም ቀን ጥቂት ብቻ ብትቀምስም፣ ሥጋ በብዛት ከሚበላ ጎልማሳ እኩል ይከፈልላት ነበር። ባለቤቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አሰላውና በገንዘብ ብቻ ቢታይ አያዋጣንም አለኝ፤ ትክክል ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኝ ነበር። እርሱ በሳምንት ብዙውን ቀን የማታ ፈረቃ ይሠራል፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ልጆቹ በልተው የቤት ሥራቸውን ይዘዋል፤ እማዬም ከመጣች ጀምሮ ምሳዋን ብቻዋን ነው የምትበላው። ለአምስታችንም በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ፣ ማንም ሳይነሣና ማንም ሳይቸኩል የምንቀመጥበት ሰዓት አስቀድሞ የተከፈለበትና የተቀጠረ እንዲሆን ፈለግሁ። አስቀድሞ ያልተከፈለበት ከሆነ በየቀኑ "ዛሬ ውድ ነው፣ የሆነ ነገር ገዝተን እየሄድን እንብላ" እንደምንባባል አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለተኛውን ዓይነት ገዛን።

ሰዓቱን ለመደልደል መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ክሬዲቱ፣ ማለትም አስቀድሞ የተከፈለበት የምግብ ቁጥር፣ የሚቆጠረው በአዳር እንጂ በቀን አለመሆኑ ነው። አምስት አዳር የሚያርፍ ሰው ስድስት ቀን ይቆያል፤ የተሰጠው ግን የአምስት ቀን ምግብ ነው። ሁሉም ክሬዲት በገቡበት ቀን በአንድነት ይሰጣል፤ በሚወጡበትም ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ያልተበላው ይቃጠላል። በመካከል ያለው ግን ነፃ ነው፤ በአንዱ ቀን ሁለት፣ በሌላው ምንም መጠቀም ይቻላል። ይህ ነፃነት ለጾመኛ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጾመኛው ረቡዕ ጠዋት ያልበላው ምግብ አይጠፋበትም፣ ለሐሙስ ይተላለፍለታል። እኔም በአንድ ገጽ ላይ ቀኖቹን አሰልፌ፣ ጾሙን በቀይ ምልክት አድርጌ፣ ክሬዲቱን በዚያ መሠረት አከፋፈልሁት።

ተቀምጠው የሚበሉባቸው ቤቶች ቀጠሮ ከ60 ቀን በፊት ይከፈታል፤ በሆቴሎቹ የሚያርፍ እንግዳ ከመግቢያ ቀኑ 60 ቀን ሲቀረው እስከ አሥር ቀን ድረስ ያለውን ቆይታውን በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላል። በዚያን ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ያዝሁት። የሚያስደንቀው ግን ሰው ሁሉ የሚሻማው ለቀኑ 6 ሰዓትና ለምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው፤ እኔ የምፈልገው ከቀኑ 9 ሰዓት ባዶ ጠረጴዛ ሞልቶ ጠበቀኝ። ቀጠሮ የያዝሁበት የዲዝኒ የስልክ መተግበሪያ ሁሉን በአሜሪካ ሰዓት ስለሚጽፍ፣ ለእማዬ የተያዘውን ሁሉ በእኛ ሰዓት ገልብጬ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁላት፤ ወረቀቱንም በቦርሳዋ ይዛው ዞረች።

ስለ 9 ሰዓት ትንሽ ልቆይ። እማዬ ረቡዕና ዓርብ እህል የምትቀምሰው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ ጌታችን በመስቀል ላይ ቅድስት ነፍሱን የለየባት ሰዓት ናትና ልጅነቷን ሁሉ የተማረችው ይህን ነው። የንስሐ አባቷ መንገደኛ መሆኗንና የፍሎሪዳን ሙቀት አስበው ውኃ እንድትጠጣ ነግረዋት ነበር፤ እርሷም ታዘዘች፤ ምግቡን ግን አላስቀደመችም። እኔ ይህን ሰዓት ለእርሷ ስል ብጀምረውም ሳየው ለሁላችንም የሚሻለው ሰዓት እርሱ ሆነ። በበጋ የኦርላንዶ ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁርና ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይወርዳል፤ መብረቅ ሲቀርብ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ፤ ሕዝቡም ወደ መጠለያ ይሮጣል። እኛ በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ አየር ባለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሾርባ ይቀርብልን ነበር። የምሳው ግርግር አልቋል፣ የራቱ አልጀመረም፤ አስተናጋጆቹም ለአንድ አሮጊት ጥያቄ የሚሰጡት ጊዜ ነበራቸው። በ9 ሰዓት በደንብ የበላ ቤተሰብ ማታ በፓርኩ እስከሚተኮሰው ርችት ድረስ አይራብም፤ ማታ አንድ መክሰስ ይበቃዋል።

የምግቡን ዓይነት በተመለከተ ያገዘን በዝርዝሮቻቸው ላይ ያለው የቅጠል ምልክት ነው። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለባቸውን ምግቦች ያመለክታል፤ በእኛ አነጋገር የጾም ምግብ ማለት ነው። በረቡዕ አኒማል ኪንግደም በሚባለው ፓርክ ስለዋልን የባንኮኒውን ምግብ ፓንዶራ በተባለው ክፍል ሳቱሊ ካንቲን ከሚባለው ቤት ወሰድን። ቶፉ፣ እህልና አትክልት በአንድ ሳህን ተደርጎ ይቀርባል፤ እማዬ ቶፉውን በጥርጣሬ ቀምሳ "የአኩሪ አተር ነው ካልሽማ ምን አለበት" ብላ ጨረሰችው። ከባንኮኒ የሚበላውን በስልክ ማዘዝና የሚደርሱበትን ሰዓት መምረጥ ስለሚቻል፣ ገና ሰልፍ በምንጠብቅበት ጊዜ የ9 ሰዓቱን ያዝሁ፤ ስንደርስ ምግቡ ተዘጋጅቶ ነበር። ልጆቹ ግን ያን ያህል አይጠብቁም፤ ለትንሹ በ5 ሰዓት ላይ ለብቻው አዘዝንለት፤ ትልቋ እስከ 7 ሰዓት ታገሠች፣ እርሷን ማንም አላስገደዳትም።

ዓርብን ኤፕኮት ለሚባለው ፓርክ ሰጠነው። ዘ ላንድ በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ጎብኚው በጀልባ ተቀምጦ በግሪንሃውስ መካከል ያልፋል፤ ቲማቲሙ፣ ዱባውና ቃሪያው ያለ አፈር ተንጠልጥሎ ሲያድግ ይታያል፤ ከዚያ የሚለቀመውም በፓርኩ ምግብ ቤቶች ይቀርባል። ከላይ ያለው ጋርደን ግሪል የሚባለው ምግብ ቤት በዝግታ የሚዞር ወለል አለው፤ ምግቡ በትሪ ለቤተሰብ በአንድነት ይቀርባል፣ የካርቱን ገጸ ባሕርያትም በየጠረጴዛው እየመጡ ሰላም ይላሉ። ጾም ላይ መሆናችንን ለአስተናጋጇ ስንነግራት የአትክልቱን ለብቻው አመጣችልን። እማዬ በ8 ሰዓት በጀልባው ያየችውን ዓይነት ሰላጣ በ9 ሰዓት ከፊቷ ስታገኘው ደስታዋ እንደ ልጅ ነበር፤ ይህን ቅደም ተከተል አስቤበት ያደረግሁት ስለሆነ እኔም ከእርሷ ያላነሰ ደስ ብሎኛል። ዳቦውን ግን ቅቤ ይኖረው እንደሆነ ሳትጠይቅ አልነካችውም።

ጾም ባልሆኑት ቀኖች ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ቁርስ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈልበት ከራት ይረክሳል፤ ከክሬዲት ሲቀነስ ግን ሁለቱም እኩል አንድ ናቸው። ስለዚህ ቁርስን በክሬዲት መብላት ኪሳራ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ በከፊል እስማማለሁ፦ ጠዋት ጠዋት በክፍላችን ሻይና ከቤት ይዘን የሄድነውን ዳቦ እንበላ ነበር፤ ወደ ፓርኮቹ የራስን ምግብ ይዞ መግባት የተፈቀደ ስለሆነ ቆሎና ዳቦ ቆሎም በየቦርሳችን ነበር። አንድ ቀን ግን በ4 ሰዓት ተኩል ቡፌ ላይ ተቀመጥን፤ በዚያ ሰዓት የሚበላ ቁርስ ምሳንም ይዞ ስለሚውል ኪሳራው አይታየኝም። በቡፌ ላይ የአሳማ ሥጋው ከሌላው ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለእማዬ አስቀድሞ ማጣራት የእኔ ሥራ ነበር።

ሐሙስን ቦማ ለሚባለው ቤት ጠበቅሁት። በአኒማል ኪንግደም ሎጅ ሆቴል ውስጥ የሚገኝ፣ ከአፍሪካ ምግቦች የተነሣ ሰፊ ቡፌ ያለው ቤት ነው። ሰዓቱን ወደ 11 ሰዓት ተኩል ያደረግሁት በምግቡ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ከሆቴሉ በረንዳ ቀጭኔና የሜዳ አህያ በሜዳው ሲግጡ የሚታዩት ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለሆነ፣ በልተን ስንወጣ ገና ብርሃን እንዲሆን ነው። ባለቤቴ የምሽቱ 2 ሰዓት ይሻላል፣ ቀኑን በፓርኩ እንጠቀምበት ብሎኝ ነበር፤ ልጆቹ በዚያ ሰዓት በአውቶቡሱ ውስጥ እንደሚተኙ ስለማውቅ አልተስማማሁም። ስፍራው እጅግ ሰፊ በመሆኑ ከፓርክ ወደ ሌላ ሆቴል የሚወስደው መንገድ ራሱ ጊዜ ይበላል፤ ሰዓት የሚደለድል ሰው ለአውቶቡሱም መመደብ አለበት።

እንደ ሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ያሉት ታላላቅ ቤቶች ለአንድ ሰው ሁለት ክሬዲት ይወስዳሉ። ልጄ ብትጓጓም ተውነው፤ አንዱን ቀን ለማድመቅ የሌላውን ቀን ገበታ ማጠፍ አልፈለግሁም። የአስተናጋጆች ጉርሻም በተከፈለው ውስጥ ስለማይገባ፣ ለየቀኑ የሚሆን ገንዘብ ለይተን ይዘን ነበር። ውኃ ከባንኮኒዎቹ በነፃ ስለሚሰጥ መክሰሶቹን በመጠጥ ላይ አላጠፋናቸውም።

እንደገና ብንሄድ ምን አደርጋለሁ ብዬ አስቤያለሁ። የልጆቹ የፀደይ ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል፤ በዚያን ጊዜ ሁለተኛውን ዓይነት አልገዛም፤ አምስታችንም በየቀኑ ለቅጠሉ ምግብ የሥጋውን ዋጋ መክፈል አይገባንምና የባንኮኒውን ገዝቼ አንድ ወይም ሁለት ገበታ በጥሬ ገንዘብ እጨምራለሁ። በሐምሌ ከሆነና እማዬ ከኖረች ግን ያንኑ ሁለተኛውን እገዛለሁ፤ ረቡዕና ዓርብን እንደ ነበረ ትቼ፣ የቀሩትንም ቀኖች ገበታ ወደ 9 ሰዓት አመጣቸዋለሁ። ባለቤቴም በዚህ ተስማምቷል።