ቻፔል ሲመለስ

ዛሬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እህቴ ቤት ቡና ስንጠጣ፣ አሜሪካዊው ኮሜዲያን ዴቭ ቻፔል ከዓመታት በኋላ ወደ ቴሌቪዥን የተመለሰበትን ምሽት በስልኬ ከፍተን አየን።

እ.ኤ.አ. በ2005 የ50 ሚሊዮን ዶላር ውል ትቶ፣ የጀመረውን የቴሌቪዥን የቀልድ ዝግጅቱን ሦስተኛ ዙር ሳይጨርስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ብዙዎች አበደ ብለውት ነበር። እሱ ግን በኋላ ምክንያቱን ተናግሯል፦ በዘር ላይ የሠራው አንድ ቀልድ ሲቀረጽ ከባልደረቦቹ አንዱ የሳቀው ሳቅ ደስ አላለውም። ከእሱ ጋር ሳይሆን በእሱ ላይ የተሳቀ መሰለው። በዚያ ሳቅ ምክንያት ያን ሁሉ ገንዘብ የሚተውን ሰው እኔ በጣም አከብራለሁ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን የቀልድ ዝግጅት መድረክ ላይ ሲቆም አሜሪካ ፕሬዚዳንቷን ከመረጠች ገና አራተኛ ቀኗ ነበር። ሰው ተኮራርፏል። እሱ ሲያስቅ ቆየና በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለትራምፕ ዕድል እንደሚሰጥ፣ የተገፉትም ዕድል እንዲሰጣቸው እንደሚጠይቁ ተናገረ። እህቴ ሁለተኛውን ልትቀዳ ያነሳችውን ጀበና እንደያዘች ቀረች። በዓመቱ ለዚያ ምሽት ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ፤ ይገባዋል።

የእኛዎቹ ኮሜዲያን ተስፋዬ ካሳና አለባቸው ተካ አይመለሱም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከመድረክ የራቁትን፣ በሕይወት ያሉትን ግን የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ዛሬውኑ ይጥሯቸው፤ ንግግራቸውንም አይቁረጡባቸው።