ለኮሚክ ደብ በነጻ የሚሠሩ ድምፆችን መመልመል

ለአድናቂዎች ኮሚክ ደብ፣ ማለትም የኮሚክ ገጾች በተዋናዮች ድምፅ ታጅበው ለሚቀርቡበት ቪዲዮ፣ ድምፁን በነጻ የሚሰጥ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ጀምሮ የሚጨርስ ማግኘት ነው። በኦዲሽኑ (በድምፅ ሙከራው) ሰሞን ሁሉም ይጓጓል፤ ስክሪፕቱ ከታደለ በኋላ ግን የአንዱ ወይም የሁለቱ ድምፅ ቃል በቃል ይጠፋል። የማስታወቂያው ዋና ሥራ ይህን ሰው ሳይጠፋ በፊት መለየት ነው፤ ጥሩ ድምፅ ራሱ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። ሥራው በፍቅር መሠራቱ የሰዓሊውን መብት አያስቀረውም። በጽሑፍ ስትጠይቁ ሦስት ነገር ግለጹ፦ ቪዲዮው የት እንደሚወጣ፣ ገቢ ይኖረው እንደሆነ፣ ስዕሉን መቁረጥና በንግግር ፊኛዎቹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ማጥፋት ይፈቀድ እንደሆነ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መልሱ ሳይመጣ ተዋናይ መጥራት በሰው ድካም መቆመር ነው።

ስክሪፕቱም ከምልመላው በፊት ይለቅ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ «ዋና ገጸ ባህርይ» ማለት ለፈቃደኛው ምንም አይነግረውም፣ «64 ንግግር፣ በሁለት ዙር የሚቀረጽ» ማለት ግን ጊዜው ይበቃው እንደሆነ ያሳውቀዋል። ኮሚክ ለዓይን የተጻፈ ስለሆነ ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በአንድ ትንፋሽ የማያልቀውን ክፈሉት። በፊኛ ውስጥ ያልተጻፈውንም ድምፅ ጨምሩ፦ ማቃሰት፣ መደንገጥ፣ ሩጫ ላይ ያለ ትንፋሽ። እነዚህ ከተረሱ ድብድቡ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያልፋል።

በአማርኛ ለሚሠራ ደብ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ይመታል» መቺውም ተመቺውም ሊሆን ይችላል፤ «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ስዕሉን ያላየ ተዋናይ ገምቶ ያነባል፣ ስህተቱም የሚታወቀው ድምፁ ስዕሉ ላይ ሲቀመጥ ነው። የሚጠብቀውን ፊደል አስምሩበት፤ ከስክሪፕቱ ጋርም ገጹን ራሱን ላኩ።

የገጸ ባህርይ መግለጫ ላይ ሰው ሁሉ ጠባይ ይጽፋል፦ «ደፋር፣ ብልህ፣ ቆንጆ»። ቁንጅና አይቀረጽም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «የመርከብ አዛዥ፣ ዕድሜዋ ወደ 50። ድምፅዋ ወፈር ያለ። ስትቆጣ አትጮህም፤ ቃላቱን እያራራቀች ትናገራለች።» ከሥሩ ሦስት የሙከራ ንግግር ይበቃል። አንድ የተረጋጋ፦ «በሩን ዝጋው። ቀስ ብለህ።» አንድ ከፍ ያለ፦ «ገመዱን ቁረጡት! አሁን!» አንድ ቃል የሌለው፦ ቁስሏ ሲነካ የምታሰማው። ሦስቱም ተደምረው ከ30 ሰከንድ አይለፉ። 40 ሰው ቢልክ 20 ደቂቃ ማዳመጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ከተፈቀደ ግን ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ ሠላሳኛው ላይ የሚፈርደው ድካም ነው።

ቴክኒኩን በማያሻማ መንገድ ጻፉት፦ ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ) ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ (አንድ ቻናል)። የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ በ-12 እና በ-6 ዴሲቤል መካከል፤ ዜሮ ነክቶ የተሰነጠቀ ጩኸት መልሶ በደንብ አይጠገንም። መጀመሪያ ላይ አምስት ሰከንድ ዝምታ ይቀረጽ፤ የክፍሉን ሁም (የማያቋርጥ ጉምጉምታ) የምታጸዱት ከዚያ ናሙና ወስዳችሁ ነው። ሙዚቃ፣ ኢፌክት፣ ተዋናዩ ራሱ የሠራው የድምፅ ማጽዳት አይፈቀድ። በዚህ ልክ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን መላኪያውን አስቡበት። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ፤ የድምፅ መልእክት ተጨምቆ ስለሚደርስ «ሰ» እና «ሸ» ይደበዝዛሉ።

የፋይሉን ስም አጻጻፍም ወስኑ፦ የተዋናዩ ስም፣ የገጸ ባህርዩ ስም፣ ቁጥር፣ ለምሳሌ «ሊያ_አዛዧ_1»። ይህች ትንሽ ነገር ሁለት ሥራ ትሠራለች። 200 ፋይል ሲመጣ ማን የማን እንደሆነ ትነግራችኋለች፤ መመሪያ ማን እንደሚያነብም ታጋልጣለች። «የእኔ ድምፅ የመጨረሻው አዲሱ» ብሎ የላከ ሰው፣ በኋላም 64 ፋይል በዚያው ስም ይልካል።

ስታዳምጡ በሄድፎን፣ ስም ሳታዩ። ሁምና ሽሽታ በተወሰነ ደረጃ ይጸዳል፤ ማስተጋባት ግን ድምፁ ውስጥ የገባ ነገር ነውና በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ በባዶ ክፍል ከተቀረጸ ድንቅ ትወና ይልቅ፣ ልብስ በሞላው ቁም ሣጥን አጠገብ በስልክ የተቀረጸ ደህና ትወና ይሻላል ባይ ነን። በጣም የወደዳችሁት ሰው ካስተጋባ፣ ብርድ ልብስ ከበስተኋላው ሰቅሎ፣ ከማይኩ 15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቆ አንዷን ንግግር እንዲደግም ጠይቁት። በስንት ቀን እንደሚመልስ ማየትም ራሱ ፈተና ነው።

ከዚያ የተመረጡትን ድምፆች ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አጫውቱ። ኮሚክ ደብ ላይ ከንፈር አይንቀሳቀስም፤ በአንድ ስዕል ሦስት ሰው ካለ ማን እንደተናገረ የሚለየው ድምፁ ብቻ ነው። ሁለቱ ምርጦች ለጆሮ ከተመሳሰሉ አንዱን መተው ግድ ነው፣ ቢያሳዝንም። አንድ ሰው ሁለት ሚና ቢይዝ አይከፋም፤ በአንድ ገጽ ላይ እስካልተገናኙ።

ክፍያ እንደሌለ የማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ። «ዕውቅና ታገኛላችሁ» የሚለውን ተዉት፤ አንባቢው ሰምቶት ጠግቧል። ቪዲዮው ገንዘብ ቢያመጣ ምን እንደሚሆን፣ የተቀረጸው ድምፅ ከዚህ ደብ ውጭ እንደማይውልና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደማይሰጥ አንድ አንድ መስመር ይኑር። ታሪኩ ለአዋቂ ከሆነ ከ18 ዓመት በታች እንደማይቀበል እዚያው ይገለጽ።

ለእያንዳንዱ ትልቅ ሚና ተጠባባቂ ያዙ፤ ተጠባባቂ መሆኑንም ንገሩት። የመጀመሪያው ዙር ትንሽ ይሁን፤ ከ10 እስከ 15 ንግግር፣ ሰባት ቀን። «በቅርቡ» አትበሉ፤ ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ ተዋናዮቹ የተለያየ አገር ካሉም የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ። ከቀኑ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ማስታወሻ ይላክ፤ ቀኑ ካለፈ ከ48 ሰዓት በኋላ መልስ ከሌለ ሚናው ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል። ደንቡ ገና ከማስታወቂያው ከታወቀ ማንም አይቀየምም። ታምሜያለሁ ብሎ የጻፈን ጠብቁት፣ ጽፏልና።

እያንዳንዱ ንግግር ሦስት ጊዜ በተለያየ ስሜት ይቀረጽ። ጩኸቱ ሁሉ ወደ መጨረሻ ይሰብሰብ፤ ጉሮሮው ከሻከረ በኋላ የተረጋጋው ንግግር የሌላ ሰው ይመስላል። የሚደገመውን በአንድ ዝርዝር፣ ከምክንያቱ ጋር ላኩ፦ «ንግግር 22፦ እዚህ ጋ እየዋሸች ነው» ማለት «ትንሽ ስሜት ጨምሪበት» ከማለት ይሻላል።

ላልተመረጡትም በሁለት መስመር መልስ ስጡ፤ እንደ ወታደር 1ና ነጋዴ 2 ላሉ ትንንሽ ሚናዎች ሰው የሚገኘው ከእነሱ ነው። በቪዲዮው ላይ የሚወጣውን የተዋናዮች ስም ዝርዝር ከማዘጋጀታችሁ በፊት እያንዳንዱ ስሙ እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልግ ጠይቁ፤ አንዳንዱ በብዕር ስም ነው የሚሠራው።