በፆም ስጋ የበላችው ተክሌ

እኔ ተክል አይበረክትልኝም፣ እሬት እንኳን እጄ ላይ ጠውልጎ ያውቃል። ይሄን እያወቀ አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ ለልደቴ ምን ቢያመጣልኝ ጥሩ ነው? ነፍሳት የምትበላ ተክል! ድሮሴራ ትባላለች፣ የደቡብ አፍሪካው ኬፕ ዝርያ ነች አለኝ። ቅጠሏ ላይ ቀያይ ፀጉር አላት፣ እያንዳንዱ ፀጉር ጫፉ ላይ ጤዛ የመሰለ ጠብታ ይይዛል፣ ትንኝ የሚላስ ነገር መስሏት ስታርፍበት ለካ ሙጫ ነው፣ ከዛ ቅጠሉ ቀስ እያለ ይጠቀለልባትና እዛው ያሟሟታል። ጤዚት አልኳት። ከጣና ዳር አስር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ማታ መብራት ሳበራ ትንኙ እንደ ጭስ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ጤዚት ባህርዳር መጥታማ ጠግባ ነው የምታድረው አልኩ።

በሁለት ሳምንት ጤዛዋ ድርቅ አለ። ቅጠሏ ጠቆረ፣ ፀጉሯ ተጣበቀ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ መሰለች። እምቦጭ ማንም ሳይጋብዘው ጣናን ወርሮ፣ ስንት ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ እየነቀለው አልሞት ያለበት ከተማ ውስጥ፣ ስኒ የማታክል ተክል እኔ ጋ ስትሆን ትሞታለች!

ርቧት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሉካንዳ ሄጄ ሩብ ኪሎ ቀይ ስጋ ገዛሁ፣ ለሷ የቆረጥኩላት እንደ ጥፍር የምታክል ናት፣ ሌላውን እንግዲህ እኔው ጠበስኩት። መስኮት ላይ ጎንበስ ብዬ በወረንጦ ሳጎርሳት አከራዬ እትዬ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን እያረግሽ ነው ልጄ?»

«ምሳ እየሰጠኋት ነው እትዬ፣ ስጋ ነው የምትበላው።»

ዝም ብለው አዩኝ። «በሰኔ ፆም?»

«ኸረ ተክል እኮ ናት!»

«ተክል ከሆነች ስጋ ምን አገባት?»

መልስ አጣሁ።

ስጋው በነጋታው ሸተተ፣ በሶስተኛው ቀን ሻገተ፣ በሶስተኛው ቀን ማታ ደግሞ የጎረቤት ድመት በመስኮት ገብታ ስጋውን ከነቅጠሉ ላፍ አድርጋ ስትዘል ቆርቆሮዋ ወደቀችና አፈሩ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፣ ድመቷም ቅጠሉ ጢሟ ላይ ተጣብቆባት በግቢው ስትዞር አደረች። ጠዋት ቸኩዬ ስለነበር እንደወደቀች ትቻት ስራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ጤዚት አምሮባት በአዲስ ጣሳ ቆማለች፣ እትዬ አዝነውላት ፍግ ጠቅጥቀው ተክለዋታል፣ አናቱ ላይ ደግሞ የቡና አተላ! የሳቸው ፅጌረዳ በአተላ ነው እንደዛ የሚያብበው፣ ከልባቸው ነው ያረጉት፣ ምን ይባላል።

ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ስጋውም አይደለም።

«የምን ውሃ ነው የምታጠጫት?»

«የቧንቧ።»

«ወይኔ! ገደልሻት በይኛ!»

ለካ እነዚህ ነገሮች የሚበቅሉት ምንም ምግብ የሌለው ረግረግ አፈር ላይ ነው፣ ነፍሳት የሚያድኑትም አፈሩ ስለማያበላቸው ነው። ስራቸው ማዕድን አይችልም፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ነገር ለነሱ ቀስ በቀስ መርዝ ነው። ፍግማ አይወራ። የታሸገ ውሃ ልግዛላት እንዴ ብዬ ስጠይቀው (ራሴ የቧንቧ እየጠጣሁ!) እሱም ውስጡ ማዕድን አለ፣ የዝናብ ውሃ ብቻ አለኝ። ልከራከር ሞከርኩ፣ ቻርለስ ዳርዊን ራሱ በ1875 ባሳተመው መፅሐፍ ላይ ጥብስ ስጋና የእንቁላል ነጭ ይሰጣቸው እንደነበር ፅፏል እኮ አልኩት። «እሱ የሰጠው ፍርፋሪ ነው፣ አንቺ ቅርጫ ነው ያስገባሻት» ብሎ ዘጋብኝ።

ግን አልጨከነም፣ ፒት ሞስ (ምግብ የሌለው የረግረግ አፈር) እና ፐርላይት (ቀለል ያለ ነጭ ጠጠር) በአውቶብስ ሰው አስይዞ ላከልኝ። ስሯን አጥቤ በሱ ተከልኳት፣ የጠቆረውን ቆረጥኩ፣ የቀሩት ሁለት ቅጠሎች ናቸው። ደማቅ ብርሃን ያለው መስኮት ላይ አረኳት፣ ከስሯ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ጣት የማይሞላ የዝናብ ውሃ፣ በቃ። ከዛ አትንኪያት ነው የተባልኩት። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

ዝናቡማ የባህርዳር ሀምሌ ነው፣ ግቢው መሀል ሳፋ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ሳፋ እትዬ እግራቸውን ታጠቡበት። ሁለተኛው ላይ ካልሲ ተዘፍዝፎ አገኘሁ። ሶስተኛውን ዣንጥላ ይዤ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩት፣ አላፊ አግዳሚው በአጥሩ አሻግሮ «ልጅቷ ደህና ናት?» ይላል።

ነሐሴ ላይ መሀሏ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ወጣ፣ ከዛ ሌላ። አንድ ቀን ጠዋት ብነሳ ጤዛዋ ተመልሷል! ጮህኩ። እትዬ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጡ፣ እኔ በደስታ አዲሱን ቅጠል ሳሳያቸው ትንኝ ተይዛበታለች።

«በፍልሰታ! ህፃናት እንኳን በሚፆሙት!»

ብለው ቆጡኝ፣ ግን አልሄዱም። ወንበር ሳቡ። ያቺ ትንኝ ስትፍጨረጨር ቅጠሉ ቀስ እያለ ሲያጎነብስባት፣ ቡናቸው ምድጃ ላይ ገንፍሎ እስኪሸት ድረስ ቁጭ ብለው አዩ። ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣

«ቢንቢስ ትበላለች?»

«ከያዘችማ ትበላለች።»

«እስኪ ለዛሬ እኔ መኝታ ቤት ትደር።»

ለዛሬ ያሉት ይኸው ሶስተኛ ሳምንቱን ያዘ። መስኮታቸው ከኔ የተሻለ ብርሃን አለው፣ ሳፋውንም አሁን እሳቸው ናቸው የሚያወጡት፣ ማንም እግሩን አይነክርበትም። መቼ ነው የሚመልሱልኝ ስላቸው «ስራ ላይ ናት» ይሉኛል። ትላንት የቤት ኪራይ ስከፍል ቆጠሩና መቶ ብር መለሱልኝ።

«ተሳስተዋል እትዬ፣ ልክ ነበር እኮ።»

«የልጅቷ ነው» አሉኝ።